እስቲ ተንፍስ

ቤር ሼቫ፣ ከሆስፒታል
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለንጋት፣

ከሁሉ አስቀድሞ በፈጣሪና በአንቺ ፊት የምናዘዘው ኃጢአት አለብኝ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት እስክሪብቶ የተሰረቀ ነው። የሰረቅሁት ሸሊ ከምትባል ነርስ የደረት ኪስ ሲሆን፣ የሰረቅሁትም ጎንበስ ብላ ጣቴን በመርፌ ስትወጋኝ ነው። እሷ ደሜን ወሰደች፤ እኔ እስክሪብቶዋን ወሰድሁ። ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ።

«የምን ነርስ?» ማለትሽ አይቀርም። ቆዪ፣ እደርስበታለሁ። ሰላምታ ሳላስቀድም ብጀምር አጎታችን ጋሼ ታደገ ከሰፈራቸው ከሽኩና ዩድ አሌፍ ድረስ ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጡብኛል። እንዴት ነሽ፣ እታለም? ባልሽ እንዴት ነው? አማትሽስ፣ ዛሬም ጠላቸውን ከሰው ልጅ አብልጠው ይወዳሉ? ልጅሽ ትብለጥዬስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለላት? በስድስት ዓመቷ እንደ ጋሼ ታደገ በድዷ ስትስቅ እንዳትቀር።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። «ኤይላት ባሕሩ እንዴት ነበር? ዋኘህ?» ብለሻል። እኔ ኤይላትን የማውቃት ስሟ በአውቶቡስ ግንባር ላይ ተጽፎ ሲያልፍ ነው። ያንን «ማንያዘዋል ከትምህርት ቤቱ ጋር ኤይላት ሄዷል፤ ደህና ነው፤ ወፍሯል» የሚለውን ደብዳቤ እዚሁ አልጋ ላይ፣ ክንዴ ላይ የመድኃኒት ቱቦ ተሰክቶብኝ፣ እኔው ነኝ የጻፍሁት። አባባ በራስጌዬ ቆመው ያስጽፉኛል። «ወፍሯል በል» አሉ። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ ወገቤ ላይ አይቆምም። እናንተ ዘንድ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ወሬያችን በሰው ሻንጣ ነው የሚመላለሰው፤ ውሸቱም አብሮ አውሮፕላን ይሳፈራል።

እውነቱ ይኸው። ስኳር ይዞኛል። እዚህ «ሱኬሬት» ይሉታል። እኔ የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የልጅም አለው። ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር መሥራት ድንገት ይተዋል፤ የበላሽው ስኳር ሁሉ ደምሽ ውስጥ መንገድ እንደጠፋው እንግዳ ይንከራተታል። አንድ ወር ሙሉ ውኃ ጠማኝ። የጠጣሁትን ያህል ሸናሁ። ሌሊት እየተነሣሁ አፌን ቧንቧው ላይ ደግኜ ጠጣሁ። ሥጋዬ አለቀ።

ይህን ሁሉ ቤተሰቡ አየ፤ አይቶም መረመረኝ። እማማ «ዓይን ነው» አለች። አባባ «ስልክ ነው፤ ሌሊት ሲያፈጥበት ደሙን መጠጠው» አሉ። ጋሼ ታደገ ደግሞ፣ መቼም በክሊኒክ መጠበቂያ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ስለተቀመጡ ራሳቸውን ግማሽ ሐኪም ያደርጋሉ፣ የዓይኔን ቆብ ገልበጥ አድርገው አዩና «ፍቅር ይዞታል» ብለው ወሰኑ። መድኃኒትም አዘዙ። ቢራ ሽሖራ የሚሉት አልኮል የሌለው ጥቁር የገብስ መጠጥ አለ፤ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። እማማ «ደም ይሆንሃል» እያለች በጠርሙስ በጠርሙሱ አጠጣችኝ።

ከዚያ የጋሼ ታደገ ልጅ የአሳፍ ሰርግ መጣ። አዳራሹን የቫቭና የጊሜል ሰፈር ሰው ሞልቶታል፤ ሙዚቃው ጣራ ይነቅላል፤ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እሄዳለሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። አባባ ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ተነሥተው መጡና አገጬን ያዙ። «እስቲ ተንፍስ!» አሉ። ተነፈስሁ። አፌ የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። «ጠጥተሃል!» አሉና በጥፊ መቱኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እታለም። «አልጠጣሁም» ልል ስሞክር ምላሴ ተሳሰረ፤ ምላሱ የተሳሰረ ሰው አልጠጣሁም ቢል ማን ያምነዋል? ጋሼ ታደገ «ስካሩ በእንቅልፍ ይወጣለታል» ብለው ፈረዱ። ካፖርት የሚሰቀልበት ክፍል ወለል ላይ አስተኙኝ። ጭፈራው ቀጠለ። ሲያልቅም እንደ ጆንያ ተሸክመው ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ጠዋት እማማ ትንፋሼን ከሌላ ክፍል ሰማችው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነበር ትላለች። አምቡላንስ ሲመጣ አባባ ካሏቸው ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት ሁለቱን መርጠው «ልጅ ጠጣ» አሉ። ድንገተኛ ክፍልም ስንደርስ «ልጅ ጠጣ»። ያቺ ሸሊ ያልኋት ነርስ ግን ወደ አፌ ጎንበስ አለችና አሸተተችኝ። «ይኼ መጠጥ አይደለም» አለች። ጣቴን ወጋች። መለኪያዋ ቁጥር መስጠት አቃታት፤ ስኳሩ ከልኳ በላይ ሆነባት። እስክሪብቶዋን የሰረቅሁት ከእሷ አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ይመስለኛል።

ደሜ ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። በአንድ ክንዴ ጨው ያለው ውኃ፣ በሌላው ኢንሱሊን እየተንጠባጠበ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከረምሁ። በየሰዓቱ ጣቴን ይወጉኛል፤ በየሰዓቱ ስሜን ይጠይቁኛል፤ አንጎሌ እንዳያብጥ ይፈራሉ። ነቃ ስል ዶክተር ኤይታን መጣና ለእናትና አባቴ ሊያስረዳ ጀመረ። አስተርጓሚ የለም። ማን ይተርጉም? በሽተኛው! «ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ይሞት ነበር» ያለውን በራሴ አፍ ለአባባ ተረጎምሁላቸው። አባባ ግድግዳውን አዩ። «ሌላስ ምን ይላል?» አሉ።

«ጥፊው ስኳሩን አላወረደውም ይላል» አልኋቸው።

ይህን ዶክተሩ አላለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትእዛዝ ወጣ። ለሰፈሩ «ሆዱን ነው» ይባል፤ ለንጋት «ኤይላት ነው» ይባል። «ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም። ብታውቅ ከማልቀስ በቀር ምን ታደርጋለች?» አሉ አባባ። እማማም «ስኳር አለበት ከተባለ ማን ልጁን ይድርለታል?» አለች። ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምትዳርልኝ ለጊዜው መርፌ ናት። «ሆዱን ነው» ስለተባለም ጠያቂው ሁሉ ለሆድ የሚሆን ይዞ ይመጣል፤ የወይን ጭማቂ፣ ማር፣ ያቺኑ ጥቁር መጠጥ። አልጋዬ ሥር ሱቅ ተከፍቷል። ሸሊ ስታየው ጮኸች። «ማን ነው ይህን የሚያመጣብህ?» «የሚወዱኝ ሰዎች» አልኋት።

በጣም ተናድጃለሁ። በዚህ ደብዳቤ አባባን «አንቱ» አልላቸውም ብዬ ምዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እጄም ከእነሱ ወገን ነው። ጥፊስ ያልፋል፤ ሲፋጅ ውሎ ይበርዳል። እኔን የሚያቃጥለኝ አንቺ ስለ በሽታዬ ከሰማሽ ስለ ጥፊው መስማትሽ ስለማይቀር አፌን መዝጋታቸው ነው። የእሳቸው እፍረት እንዳይታይ እኔ ኤይላት እዋኛለሁ።

ይህን ለአየሉ እሰጠዋለሁ፤ የእኛው የቫቭ ሰው ነው፤ ጎንደር እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። አንብበሽ ስታበቂ አልቅሺ፤ ከዚያ ተሳደቢ። ስድቡን ጻፊልኝ፤ እኔ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ወንድምሽ፣ ከባሕር ዳርቻ፣
ማንያዘዋል


ጎንደር
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ባዬና ለእማማ ዘነበወርቅ፣

ሰላማችሁ ይብዛልኝ። እኛ በጉዳያችን ተስፋ ላይ ተቀምጠን አለን፤ ወደ እናንተ የምንመጣበት ወረቀት ዛሬም «ይጠራል» እንደተባለ ነው። ናፍቆታችሁ ግን ወረቀት አይጠብቅም።

አየሉ መጥቶ አገኘሁት። «ደብዳቤስ?» ብለው «ሰላም ብለውሻል» አለኝ እንጂ ምንም አልሰጠኝ። ዓይኑን ሸሸኝ። ቅር ብሎኛል፤ ማኔ ያለ ደብዳቤ ሰው አይልክም ነበር። ኤይላት ሄዶ እኔን ረሳኝ? ባሕር ያየ ሰው እንዲህ ይሆናል ይላሉ። ወፈረ ማለታችሁ ደስ አሰኝቶኛል፤ ስሸኘው አጥንቱ ሊቆጠር ምንም አልቀረውም ነበር።

አባባ፣ የላኩልኝ ነጠላ ጫማ ልክ ሆኖልኛል። ስለ ትብለጥ ስለጠየቁኝ፣ ላስጨንቃችሁ ብዬ አይደለም፣ ትንሽ ከስታብኛለች። የለበሰችው ሁሉ ከትከሻዋ ይወርዳል። ያን ያህል ትልቅ ልጅ ሆና ፍራሹን ማርጠብ ጀመረች፤ እፍረቷ ያሳዝነኛል። ውኃ አያጠግባትም፤ እንስራውን አጋድላ ስትጠጣ አገኛታለሁ። አማቴ ደግሞ የጠላው ጋን አጠገብ ቁጭ ብላ አገኟት። ጠዋት ጠዋት አፏ የከረመ ፍሬ ይሸታል፤ «ጠላውን እየጠለቀች ነው» ብለው ገረፏት። እኔም አንድ ጊዜ መታኋት። «አልጠጣሁም እማ» ትላለች፤ ስትሄድ ግን ትንገዳገዳለች።

ለፊታችን ሰንበት ጸበል እንወስዳታለን ብለዋል አማቴ። ሰባት ቀን ትግባ ነው የሚሉት። እኔም ሌላ የማውቀው የለኝም። እናንተም እንደምታውቁት ጸልዩላት።

ይህን የያዘው ሰው ዛሬ ይበራል፤ ስለዚህ አሳጠርሁት። ማኔን ሳሙልኝ። እንዳኮረፍሁት ንገሩልኝ።

ልጃችሁ ንጋት


ቤር ሼቫ
ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ንጋት፣

ሰላምታ የለም። ይህን ቆመሽ አንብቢው።

ትብለጥ ጠላ አልጠጣችም። አልሰከረችም። እኔ የያዘኝ በሽታ ይዟታል። የደም ስኳር ነው። ኤይላት አልሄድሁም፤ ሆስፒታል ነበርሁ፤ የእኔም አፍ እንደ እሷው ሸትቶ ሰክሯል ተብዬ ተመታሁ፤ ልሞት ነበር። ይህን ሁሉ ኅዳር 12 ጽፌልሽ ነበር። ለምን እጅሽ እንዳልገባ አሁን አልጠይቅም፤ ለመጠየቅ ጊዜ የለኝም።

አሁኑኑ አዝለሻት ሆስፒታል ሂጂ። ነገ አይደለም፤ ሰንበት አይደለም። «ከጣቷ ደም ወስዳችሁ ስኳሯን ለኩልኝ» በዪ። «ትንፋሿ ይሸታል፣ ውኃ ይጠማታል፣ ትሸናለች፣ ከስታለች» በዪ። ተራ ያዢ ቢሉሽ ተራ አትያዢ። እስኪለኩ ከበሩ አትነቃነቂ። ጩኺ። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ፤ እሱን አድርጊ።

ውኃ ከጠየቀችሽ አትከልክያት። ማር፣ ለስላሳ፣ ስኳር ያለበት ሻይ ለብርታት ብለሽ እንዳትሰጫት። ትንፋሿ ጠለቅ ጠለቅ ካለ፣ ካስመለሳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት አንድ ደቂቃ አትቀመጪ። ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ሕክምናው አለ፤ እኔ ይኸው ቆሜ እጽፋለሁ።

ስልክ ስደውል ውያለሁ። ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች ታላግጥብኛለች። ኦፊር የሚባል የወጣቶች አስተማሪ ከጊሜል ዛሬ ወደ ጎንደር ይበራል። አባባ ሊይዙት ሄደዋል፤ በቤት ጫማ ነው የወጡት። ሲመለሱ ይህን እሰጣቸዋለሁ። ብዙ መጻፍ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ። አትምቻት።

ማንያዘዋል


ጎንደር፣ ከሆስፒታል
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማኔ ወንድሜ፣

በሕይወት አለች።

ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት አንተም ቆመህ እንደምታነብ ስለማውቅ ነው። ተቀመጥ አሁን።

ኦፊር የሚሉት ልጅ የእኛን ሰፈር ከየት እንዳወቀው እንጃ፣ ስሜን እየጠራ መጣ። ጨርሼ ሳላነብ ነጠላዬን አጥልቄ ልጄን አዘልሁ። አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው «ጸበሉ ይቅደም» አሉኝ። «እናቴ፣ ጸበሉን በመንገድ ይርጩባት፤ እኔ ግን አልቆምም» አልኋቸው። ከኋላዬ እየሮጡ ረጩባት። ክፉ አማት አይደሉም፤ ያላወቁትን ነው የገረፉት፤ እኔም እንዲሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው ተራ ያዢ አለኝ። አልያዝሁም። እኔ፣ ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማው፣ እንደ አንተ ጮኽሁ። ሐኪሙ ወጣና አሸተታት። ለካት። ፊቱ ተለወጠ። ያልኸው ሁሉ ሆነ፤ ጨው ውኃ፣ ኢንሱሊን፣ በየሰዓቱ ጣቷን መውጋት። አንድ ቀን ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችልኝም። ስትገልጥ «እማ፣ እውነቴን ነው፣ አልጠጣሁም» አለች። እዚያው አልጋው ሥር ተቀመጥሁ።

ሐኪሙ «ስኳር መሆኑን ማን ነገረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰካራሙ ወንድሜ» አልሁት።

ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ መሐል በተቀመጠ ገንቦ ማቆየት አሳይተውኛል፤ ፍሪጅ ለሌለው እንዲህ ነው አሉ። መርፌውን መውጋት ያስፈራኛል፤ አንተ እንዴት እንደምትወጋ ጻፍልኝ።

አሁን ለአንተ ሳይሆን በአንተ በኩል የምናገረው አለኝ። ይህን ለአባባ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ አንድ መስመር አትዝለል።

አባባ፣ ለእኔ አዝነው ነው ክፉ ወሬ የደበቁኝ። አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ደብዳቤ በጊዜው ቢደርሰኝ ልጄ በእግሯ ሄዳ ትታከም ነበር። በጀርባዬ ሳዝላት ክብደቷ እንደ ነጠላ ነበር፣ አባባ። ከእንግዲህ የእኔን ልብ አይጠብቁልኝ። ክፉውን ጻፉልኝ። ክፉውን የምሸከምበት ትከሻ ባይኖረኝ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ እናንተ ባልኖርሁ።

አበቃሁ። ማኔ፣ ይህ ሲነበብ ምን አሉ? ፊታቸውን ጻፍልኝ። ይቅር በላቸው አልልህም። እሱ የአንተ ነው።

እህትህ ንጋት


ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ፣ ከሕንፃችን ደረጃ ላይ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ደረጃው ላይ የተቀመጥሁበትን ምክንያት በኋላ እነግርሻለሁ። ቤት ውስጥ የሚያስጽፍ ሰላም የለም፤ ጋሼ ታደገ መጥተዋል፤ እሳቸው ባሉበት ክፍል አየሩ ሁሉ ምክር ነው።

መጀመሪያ መርፌው። ሆዷ ላይ፣ ከእምብርቷ ራቅ አድርገሽ፣ ቆዳዋን በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ። በየቀኑ ቦታ ቀይሪ። «አይዞሽ» አትበያት፤ «አይዞሽ» ሲሉ ሊያምሽ እንደሆነ ይገባሻል። እኔ ስወጋ አንድ ስድብ እሳደባለሁ፤ ሸሊ «የአማርኛ ስድብ ካንተ እየተማርሁ ነው» ብላ ትስቃለች። ለትብለጥ ቀላል ስድብ ምረጪላት። እስክሪብቶዋንም ልመልስላት ስል «ያዘው፣ ለእህትህ ጻፍበት» አለችኝ። የሰረቅሁት ነገር ስጦታ ሲሆንብኝ ተናደድሁ።

አሁን ፊታቸውን።

የኅዳሩን ደብዳቤሽን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ መቼም ከእኔ በቀር ፊደል የሚያፈጥን በቤቱ የለም። አባባ፣ እማማና ጋሼ ታደገ እንደ ዳኛ ተደርድረዋል። «አፏ የከረመ ፍሬ ይሸታል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። አባባ «ድገመው» አሉ። ደገምሁት። «ድገመው» አሉ እንደገና። ሦስተኛውን አልጠበቁም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ኦፊርን ፍለጋ ጊሜልን ሕንፃ በሕንፃ እያንኳኩ ሄዱ። እኒያ «ሰው ደጅ ማንኳኳት ነውር ነው» የሚሉት አባባ።

ታኅሣሥ 1 የጻፍሽውንም ጮክ ብዬ አነበብሁ። አንድ መስመር አልዘለልሁም፤ እንዲያውም «እንደ ነጠላ ነበር፣ አባባ» የሚለውን ሆን ብዬ ቀስ አድርጌ አነበብሁት። ክፉ ነኝ፤ እወቂልኝ። እማማ አለቀሰች። አባባ አላለቀሱም። ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ኅዳር 12 የጻፍሁልሽ ነው። አየሉን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ተከትለው ተቀብለውት ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደረታቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ መቅደድም አቅቷቸው፣ መላክም አቅቷቸው። እጥፋቱ ላቡ ገብቶት ለስልሷል።

ምን አልሁ መሰለሽ? «ያነበበልዎት ማነው?» አልኋቸው። «እኔው። ሆሄ በሆሄ» አሉ። ያን ሁሉ ስድቤን፣ ያን ሁሉ ቀልዴን፣ አባባ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ እያስኬዱ ቀን ቀን ያነቡት ነበር።

ከዚህ በኋላ ጋሼ ታደገ ሥርዓት ይዘው መጡ። «ባለፈው ነገር ቤት አይፍረስ። ልጅ ይነሣና የአባቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ» አሉ። ሰማሽ? ልጅ! የተመታው! ወለል ላይ ያስተኙት! እኔም «ጋሼ፣ ስካሬ ገና አልለቀቀኝምና ጉልበታቸውን ስቼ የወንበሩን እግር እንዳልስም» አልኋቸው። እማማ «ውይ!» አለች። ጋሼ ምርኩዛቸውን አነሡ። አባባ ግን እጃቸውን ዘረጉና «ልጁ ይቀመጥ» አሉ። «እሱ ምንም አላጠፋም። ልጁ ይቀመጥ።»

ያ ብቻ ነው፣ እታለም። «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል አልወጣችም። እኔም አልረዳኋቸውም። ዛሬም ድረስ ተናድጃለሁ፤ ስኳሬ ሲወርድ ንዴቴ ይወጣል፣ ስኳሬ ሲወጣም ንዴቴ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ስነቃ ጉንጬ ይፋጃል። ማንም ዛሬ አልመታኝም፤ ያው የሰርጉ ጥፊ ነው።

እሳቸው ግን በቃል ፈንታ ሌላ ነገር ጀምረዋል፤ እሱ ነው ወደ ደረጃ ያሰደደኝ። ጠዋት ከመኝታዬ ስነሣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «እስቲ ተንፍስ» ይላሉ። እተነፍሳለሁ። ያሸታሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ «እስቲ ተንፍስ»። ከእራት በፊት፣ ከእራት በኋላ፣ እንግዳ ፊት፣ ጎረቤት ፊት። መለኪያው እንዳለኝ፣ ቁጥሩ እንደሚነግረኝ ተናገርሁ፤ «መለኪያው ይሳሳታል» ይላሉ። እሳቸውማ ተሳስተው አያውቁም! ትናንት ገበያ ወጥተን፣ ያ በሰርጉ ያየኝ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ቲማቲም መሐል አገጬን ይዘው «እስቲ ተንፍስ» አሉ። ሰዉ ዞሮ አየ። አየሉም ነበር። አባባ ቀና ብለው «ልጄ ስኳር አለበት። ሰክሮ አያውቅም» አሉ፤ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ለቲማቲሙም ለሰዉም። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም። መናደዴን ቀጠልሁ፤ እሱን አውቅበታለሁ።

ዛሬ ግን ተዘጋጅቻለሁ። ከእማማ ጓዳ አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት አንሥቼ ይኸው ደረጃው ላይ ሦስቱን አኝኬ ጨርሻለሁ። ዓይኔ እያነባ ነው የምጽፍልሽ፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ያሽትቱ እስቲ! አፍንጫቸው እስከ ሰንበት አይመለስም። አንዷን ለጋሼ ታደገም አስቀርቻለሁ።

ለትብለጥ ንገሪያት፤ አጎትሽ ጥርስሽን አሳዪኝ ብሏል በያት። እና ስታሸቻት ቀስ ብለሽ አሽቻት፤ አገጯን አትያዣት፤ እኛ ሰዎች አገጫችን ሲያዝ...

በሩ ተከፈተ። የአባባ የቤት ጫማ ነው፤ ይወርዳሉ፤ አንድ ደረጃ፣ ቆም፣ አንድ ደረጃ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ልነሣላቸው ወይስ ይምጡ? ይምጡ። ወረቀቱን ልደብቅ...

«ማንያዘዋል!»